ስም ተናግረው የሚገቡበት ሱቅ

ባለፈው ክረምት ጋምቤላ ገብቼ ከባጃጅ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የደረቀ ዓሣ፣ የልብስ ሳሙና፣ በላዩ ላይ ደግሞ ዝናብ የነካው የዱቄት ጆንያ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የሚሸቱት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አባቴ ሱቅ በር ላይ። ሻንጣዬን ጭቃ ላይ አቁሜ እንደ ሞኝ ቀጥ አልኩ።

ከፊቴ አንድ ጎረምሳ ገባ። «ጋትሉዋክ ነኝ! ባትሪ ድንጋይ አለ?» አለ። ቀጥላ አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች «አኳታ ነኝ፣ ዘይት ፈልጌ ነው» አለች። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው። የቢሮ ሠራተኛውም፣ ወደ ማታር ከተማ ዕቃ የሚጭነው ነጋዴም ስሙን ሳይናገር ደጃፉን አያልፍም። እንግዳ ሰው «ኧረ ይኼ ሱቅ ነው ወይስ ኬላ?» ብሎ ይስቃል። የሰፈሩ ሰው ሱቁን «ነኝ ሱቅ» እያለ ነው የሚጠራው።

እኔ ግን በዚህ ነገር ስቄ አላውቅም። ልማዱ የተጀመረው በእኔና በአባቴ ውርደት ነው፤ አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ዝናቡ ከጀመረበት ከሚያዝያ መጨረሻ አንስቶ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ። ይኸው ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

አባቴ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። በሰፈራው ጊዜ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር መጣ፤ በሰፈራ ጣቢያው ሲያርስ አደገ፣ ኋላ ከተማ ገብቶ ሱቅ ከፈተ። አንደበቱ ማር ነው። ሰው ሲገባ «ወንድሜ»፣ «እህቴ»፣ «እናቴ»፣ «የኔ ጌታ» ይላል። ማንንም ቀድሞ በስሙ ሲጠራ ግን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ይኼን ጨዋነት ነው የምለው፤ ትልቅ ሰው ሲባል እንዲህ ነው፣ ስም አይጠራም እል ነበር።

የሚያስቀን ነገርም ነበረው። ቴሌቪዥን ላይ ድራማ ስናይ አንዷ ተዋናይ ልብስ ቀይራ ከመጣች ለእሱ ሌላ ሰው ናት። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ይላል። «ኧረ አባዬ፣ ዋናዋ እኮ ናት!» እንላለን። «ቅድም ቀይ አልነበረም እንዴ የለበሰችው?» ይላል፤ እኔና እማዬ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ሌላው ደግሞ ሰውን ከሩቅ ያውቃል፤ ባሮ ድልድይ ላይ ገና እንደ ጉንዳን የሚታየውን ሰው በአረማመዱ ለይቶ «እገሌ መጣ» ይላል። ያ ሰው ደርሶ ሱቁ ፊት ሲቆም ግን «ምን ልታዘዝ ወንድሜ?» ነው። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ከሱቁ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየመረጠች የመጣውን ሁሉ ቀድማ በስሙ ትቀበለዋለች። «ኛኮር! እንዴት አደርሽ፣ ወተቱ ደረሰ?» «ኦጁሉ! ዛሬ ደግሞ ምን ዓሣ ይዘህ ነው?» ወሬ ትወዳለች እል ነበር እንግዲህ። ክንዷ ላይ የሚንሿሿ አምባር ነበራት፤ ስትተኛ እንኳን አታወልቀውም። እሱንም ለጌጥ ነው እል ነበር። ልጅ ስትሆኚ ሁሉንም ነገር ታያለሽ፣ አንዱም አይገባሽም።

በዚያ ሚያዝያ የእማዬ ታናሽ እህት ደሴ ልትወልድ ሆነና እማዬ ልታርሳት ሄደች። ከመሄዷ በፊት ጓዳ ጠርታ ሁለት ነገር አደራ አለችኝ።

«ከትምህርት ስትመለሺ ከአባትሽ ጋር ሱቅ ትቀመጫለሽ። የገባውን ሰው በሙሉ ጮክ ብለሽ በስሙ እየጠራሽ ሰላም ትያለሽ። ሰማሽኝ ዘይኑ?»

«ለምን? እኔ አፍራለሁ።»

«አፍሽ ይፈታ። ለምን አትበዪኝ። ሁለተኛ፣ ሻሽሽን እንዳታወልቂ። ወላሂ አውልቀሽ ነበር የሚል ሰው ካገኘሁ ወዮልሽ!»

ሻሹ ነው ነገሩ። ትምህርት ቤት የኛ ሙስሊም ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት ነጭ ነው። እማዬ ለእኔ ያሰፋችልኝ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ስል ደግሞ ዓይን የሚወጋ፣ የውሃ ጀሪካን ቢጫ። ልጆቹም ሌላ ስም አልፈለጉልኝም። «ጀሪካኗ መጣች! ውሃ አለሽ?» ይሉኛል። ሰልፍ ላይ አንዱ ከኋላዬ ሆኖ ውሃ እንደሚንዶቀዶቅ በጉሮሮው ድምፅ ያሰማል፣ ሰልፉ በሙሉ ይስቃል። እቤት ገብቼ ሳለቅስ እማዬ «ያምርብሻል» ብቻ ነው የምትለኝ። እንደ ጠላቴ አየኋት።

አብራኝ የምትቀመጠው አሪየት ብቻ ናት ጀሪካን ብላኝ የማታውቀው። የጋሽ ኦጁሉ ልጅ ናት። ጋሽ ኦጁሉ የአኙዋ ሰው ነው፤ ባሮ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፣ የደረቀውን ለአባዬ ያመጣለታል። ረጅም ፂም አለው፣ ክረምት ከበጋ የማያወልቀው አረንጓዴ ኮፍያ አለው፣ ሲመጣ ከኩርባው ጀምሮ የምትንቋቋ ብስክሌት አለችው። ሥራው ካለቀ በኋላ እሱና አባዬ ሱቁ ፊት ካለው ማንጎ ሥር አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም፤ ማንጎ ይልጣሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። አባዬ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲል እሱን ማለቱ ነበር። ሌላ ጓደኛም አልነበረውም።

እማዬ በሄደች በሳምንቱ የጋሽ ኦጁሉ ታላቅ ወንድም ጎግ ወረዳ ውስጥ ሞተ የሚል መልእክት መጣ። ጋሽ ኦጁሉ በዚያው ሰዓት የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። አባዬ ሳይሰናበተው በመሄዱ እጁን እየፈተገ ዋለ። በነጋታው አንድ ጆንያ ዱቄትና ስኳር ለብቻ አስቀምጦ በላዩ ላይ ሸራ አለበሰበት። «ይኼን እንዳትሸጪ። የኦጁሉ ነው። ሲመለስ ለቅሶ የምደርሰው በዚህ ነው» አለኝ። ሱቁን ለእኔ ጥሎ ጎግ መሄድ አይችልም፤ እሱ ነበር የሚያንገበግበው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲተን እኔ ሚዛኑ ሥር ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አንድ ሰው መጥቶ በር ላይ ቆመ። ራሱንም ፂሙንም ተላጭቷል። ኮፍያ የለም፣ ብስክሌት የለም። ከስቷል። እኔም መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ኋላ ግን አየሁት፣ ዓይኑ ነው፣ አፉ ነው፣ ጋሽ ኦጁሉ ነው።

አይናገርም። ሐዘንተኛ ቀድሞ አይናገርም፤ አጽናኙ ነው ተነስቶ የሚሄድለት። እዚያው በሩ ላይ እጁን አጣምሮ አባዬ ተነስቶ እስኪያቅፈው ጠበቀ።

አባዬ ቀና ሲል ፊቱ በፈገግታ በራ። «ግባ ወንድሜ፣ ግባ! ምን ልታዘዝ? ለሰፈሩ እንግዳ ነህ መሰለኝ!»

ጋሽ ኦጁሉ ያጣመረውን እጁን ፈታ።

«ስኳር ነው? ሳሙና ነው? አብሽር፣ ለአዲስ ደንበኛ እኛ ቤት ምርቃት አለ!» ብሎ አባዬ ሳቀ።

«አባዬ፣ ጋሽ ኦጁሉ እኮ ነው» ማለት ነበረብኝ። የእማዬ አደራ ይኼ ነበር። አላልኩም። አባቴ አላወቀውም የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም፤ እንዴት ይመጣልኛል? ማንጎ አብሮት የሚልጠውን ሰው? እያወቀ የሚስቅ ነው የመሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ብቻ የሚያሳፍር ነገር እየተደረገ እንደሆነ አውቄያለሁ፣ እና ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

ስመለከት በሩ ባዶ ነው። አባዬ አንገቱን አውጥቶ ወደ መንገዱ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን፣ ዱዳ ነው መሰለኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ዓሣ አልመጣም። ማንጎው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ፍየል ይተኛበት ጀመር። ወተት የምታመጣልን የኑዌሯ ኛኮር ከመንገድ ማዶ ማለፍ አመጣች። አንድ ቀን ከባጃጅ ነጂው ጋር ቆማ ስትናገር ሰማኋት። «ሰይድ ሰው አይለይም» ትለዋለች። «ኦጁሉ ወንድም ሞተ፣ እሱ ይስቃል፣ እንግዳ ነህ ይላል። ለሰይድ እኛ ሁላችን አንድ ነን።»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለ ባጃጅ ነጂው።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። አባቴን እንደ ኩሩ አዩት፣ እንደ ናቂ። ወጥቼ ልከራከርለት አልቻልኩም፤ እኔም አይቻለሁና። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አባዬ ነገሩን ሳያውቅ የገባውን ሁሉ መጠየቁ ነው። «ኦጁሉ ከጎግ አልተመለሰም እንዴ? ምነው ቀረ?» ይላል። ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ኦጁሉ ያለ ብስክሌቱ፣ ከሰው መሃል ሆኖ በየቀኑ በሱቁ ፊት ያልፋል እኮ! አንዱማ ሳሙናውን መልሶ አስቀምጦ ወጣ። «ተው፣ ጌታው፣ በሰው ሐዘን አይቀለድም» አለው። አባዬ ሳሙናውን አንስቶ አገላብጦ አየው። እኔ ጓዳ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ።

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም ብሎኝ ነበር። ሸራ የለበሰው ጆንያ። አባዬ ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጦ ዱቄቱ እርጥበት እንዳልገባበት በእጁ ይፈትሻል። ከናቀው ለማን ነው የሚጠብቀው? እያልኩ አስብና እተወዋለሁ።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። ካርድ የሚሰጥበት፣ ደረጃ የወጣ ልጅ በሰው ፊት ሽልማት የሚቀበልበት ቀን ነው። እኔ ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ሦስተኛ ወጥቼ ደግሞ መድረክ ላይ ጀሪካን ሆኜ አልወጣም! ጠዋት ከእማዬ ሣጥን አሮጌ ነጭ ሻሽ ሰርቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ትምህርት ቤት በር ላይ ቢጫውን አውልቄ ነጩን አደረግኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌሎቹ ሆንኩ። ማንም አልተንዶቀዶቀብኝም። አሪየት እንኳን «ዛሬ አምሮብሻል» አለችኝ።

ግቢው ወላጅ በወላጅ ሆነ። አሪየትና እኔ የኒም ዛፍ ሥር ቆመናል። ጋሽ ኦጁሉም መጥቷል፤ ከዛፉ ወዲያ ከወንዶቹ ጋር ነው፣ ፂሙ ገና ብቅ እያለ። አባዬ ሱቁን ዘግቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በሩን አልፎ ሲገባ አየሁት። ልጆቹን ራስ ራሳቸውን እያየ፣ አንገቱን እያሰገገ በመሃላችን መጣ። ሳቅኩለት። ወደ እኔ ዞረ። ቀረበኝ። ጎንበስ ብሎ ዓይኔን በዓይኑ አየኝ።

«የኔ ልጅ» አለኝ በዚያ ለሰው ሁሉ በሚለው ድምፅ፣ «አንዴ ልጠይቅሽ። የሰይድን ልጅ አይተሻታል? ዘይነባ ትባላለች። ቢጫ ሻሽ ያደረገች።»

ይህን ሰዓት ሳስታውሰው ከውጭ ሆኜ ነው የማየው። ዛፉ ላይ እንደተቀመጠች ወፍ ከላይ ሆኜ፣ እኔን ራሴን አያለሁ፣ አባዬን ጎንበስ እንዳለ አያለሁ። ዓይኔ በግንባሬ ሥር ነበር፤ የራሴን አናት እንዴት ላየው እችላለሁ? ይባስ ብሎ በማየው ሥዕል ውስጥ ራሴ ላይ ያለው ሻሽ ቢጫ ነው። ቢጫ! አውልቄው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በማውለቄ ነው። ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ቢጫውን እንዳደረገች ነው የምትታየኝ ያቺ ልጅ። ትዝታ ጎተራ አይደለም፣ የከተትሽውን መልሶ አይሰጥሽም። በነካሽው ቁጥር እንደ አዲስ ያቦካዋል። ምናልባት እኔ ራሴ ነኝ አባዬ እንዲያገኛት ብዬ ሻሹን መልሼ የማለብሳት።

አልመለስኩለትም። ድምፄን ቢሰማ ያውቀኝ ነበር፤ ያኔ ግን ይኼን ማን ነግሮኝ? አሪየት «ጋሽ ሰይድ ይቀልዳል!» ብላ ሳቀች። ሌሎች ልጆችም ሳቁ። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አባዬ ፊቴን አይቶ ግራ ገባው።

«ምነው ልጄ? ፈራሽኝ እንዴ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ቀልድ አለመሆኑን ልጆቹም አወቁት። ከዛፉ ወዲያ ጋሽ ኦጁሉ ሰዎቹን ጥሎ መጣ። መጥቶ አባዬ አጠገብ ቆመ፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ደጋግሞ አየ።

«ሰይድ» አለው።

አባዬ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ኦጁሉ! መቼ መጣህ?» ብሎ ዞረ፤ ሲዞር ግን ጋሽ ኦጁሉን አልፎ በስተኋላው ያሉትን ሰዎች ያያል፤ ረጅም ፂምና አረንጓዴ ኮፍያ ይፈልጋል። ጋሽ ኦጁሉ ክንዱን ያዘው። አባዬ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አቀፈውና እንባው መጣ። «ወንድሜ! አላህ ያጽናህ! አፉ በለኝ፣ መምጣት አቅቶኝ ነው፣ ዱቄቱ እኮ ተቀምጦልሃል...»

«እኔ መጣሁ» አለ ጋሽ ኦጁሉ። «ሱቅ መጣሁ። በር ላይ ቆምኩ። አንተ ሳቅክ። እንግዳ ነህ አልክ።»

አባዬ እጁ ከትከሻው ላይ ወረደ። «ያ... ያ ዝም ያለው ሰውዬ? ያ ፂም የሌለው?»

«ተላጨሁ። ወንድም ሞተ፣ ተላጨሁ።»

«ኮፍያህስ? ፂምህ ከሌለ እኔ እንዴት...»

ጋሽ ኦጁሉ በጣቱ እኔን አመለከተ። «ይቺስ? ይቺ ፂም ነበራት?»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ጎንበስ አለና ፊቴን ፈተሸው፤ ዓይኔን፣ አፍንጫዬን፣ አፌን፣ አንድ በአንድ፣ እንደጠፋበት ቁልፍ። ያኔ ሳላስበው አፍንጫዬን ሳብ አደረግኩ፣ ሳለቅስ እንደማደርገው።

«ዘይኑ?» አለ።

ጥያቄ ነው ያቀረበው። ጠራኝ ማለት አልችልም፤ ጠየቀኝ። ኧረ ያረቢ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት! ስለ እሱ አፈርኩ፣ ስለ ራሴ አፈርኩ፣ ሦስተኛ መውጣቴ ጠፋኝ። አባቷ የማያውቃት ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ናት? ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ መድረክ ላይ የወጣሁትም የወረድኩትም ትዝ አይለኝም። ሽልማቱ ምን እንደነበር እንኳን አላውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ እጄን አልለቀቀም። ኩሬ በደረስን ቁጥር ያነሳኛል፤ አሥር ዓመት የሞላኝን ልጅ። ማንጎው ሥር ሲደርስ ፍየሏን አባርሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አለኝ። «ሰፈራ ጣቢያ እያለን ሽማግሌ ሰላም ሳልል አልፌ አባቴ ስንት ቀን ገርፎኛል። ኩሩ ነው አሉኝ። ሰው ሁሉ የሚያየውን የማላይ መሆኔን አላውቅም ነበር። ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ መርፌ አያልፈኝም። ሰው ፊት ላይ ስደርስ ነው የሚጠፋብኝ።»

«እኔንም አታየኝም?»

«አይሻለሁ። ዓይንሽን አየዋለሁ፣ ያምራል። አፍንጫሽን አየዋለሁ። አንድ ላይ ሆነው ዘይነባ አይሆኑልኝም። ፊቴን ሳዞር ደግሞ ይበተናሉ።»

«ዓይንህን ስትጨፍንስ? እማዬ ደሴ ናት፣ ፊቷ አይመጣልህም?»

ዓይኑን ጨፈነ። «አምባሯ ይመጣል» አለ። «ስትስቅ ይመጣል። ፊቷ... ፊቷ የለም ልጄ። የማንም የለም።»

«ለምን አትናገርም ታዲያ? ለጋሽ ኦጁሉ እንኳን?»

«ምን ብዬ? አሥራ ምናምን ዓመት ማንጎ አብረን በላን፣ ፊትህን ግን አላውቀውም ልበለው? ሰው የማያውቅ ነጋዴ ማን ያምነዋል? እዚህ አገር ደግሞ ሰላምታ የነሳ ሰው ጠብ የጫረ ነው። እናትሽ ብቻ ናት የምታውቀው።» እጄን ገልብጦ መዳፌን በጣቱ ዳሰሰው። «እናትሽ ዓይኔ ናት። እሷ ስትሄድ አንቺን አደረገችሽ፣ ሳትነግርሽ። እኔ ነኝ አትንገሪያት ያልኳት። ከልጄ ፊት አታሳንሺኝ ብዬ።»

ብዙ ቆይቼ ይኼ ነገር በመጽሐፍ ያለ፣ ስም የወጣለት፣ ሌሎችም ብዙ ሰዎች ያሉበት መሆኑን አነበብኩ። ፊትን ለይቶ የሚያስቀምጠው የአእምሮ ክፍል ሌላ ነው ይላል፤ ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። ባነብም ያን ቀን የተሰማኝ አልቀለለም። የአሥር ዓመት ልጅ የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ አያውቀኝም።

በነጋታው ጠዋት ብስክሌቷ ከኩርባው ተንቋቋች። ጋሽ ኦጁሉ ዓሣውን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወታደር ሰልፍ ላይ እንደሚቆም። «ኦጁሉ ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ። ሰፈሩ ሰማው። አባዬ ከሚዛኑ ኋላ አንዴ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይቅር መባሉ ከኩርፊያው የበለጠ ያሳፈረው ይመስለኛል። ጋሽ ኦጁሉ ግን ግድ አልሰጠውም፤ ዓሣውን አስቀምጦ ዱቄቱን ተሸክሞ ወጣ። ከሰዓት ኛኮር መጣች። ከመንገዱ ማዶ ጀምራ «ኛኮር ነኝ! ወተት ነው!» ትላለች። ባጃጅ ነጂው ሳይወርድ ጡሩምባውን ነፍቶ ስሙን ይጮሃል። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩ ልማድ ሆነ። ማንም ለምን ብሎ አባዬን አልጠየቀውም፣ ማንም በዚህ አልሳቀበትም።

ስሜን አልናገርም ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ደንበኛ ነኝ እንዴ? ልጁ ነኝ! አባት ለልጁ ስም ይጠይቃል? ከውጭ ስመለስ ሆን ብዬ ደጃፉ ላይ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ቢጫውን ሻሽ ጥያለሁ። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ፣ በኮቴዬ እንዳያውቀኝ። ትንፋሼን እይዛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ቀና ብሎ አይቶኝ «ምን ልታዘዝ የኔ ልጅ?» አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ አመነታና «ዘይኑ?» አለ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ወላሂ፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ገና ስቆም፣ አንዳንዴ ራሱን ቀና እንኳን ሳያደርግ «መጣሽ ዘይኑ? ምሳሽን ብዪ» ይለኛል።

ያወቀኝ መሰለኝ! ፊቴ ተሰብስቦ ገባለት አልኩ። የዓለምን ሰው ሁሉ ባያውቅ እኔን አወቀኝ። ለአሪየት «የሁሉም ሰው ፊት ይበተንበታል፣ የእኔ ብቻ አይበተንም» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። አሪየት ጥፍሯን እየበላች ሰማችኝ። «የእናትሽም ይበተናል?» አለችኝ። «የእናቴም ይበተናል» አልኩ፣ ኩራቴ ብዛቱ!

ክረምቱ ሲገባ፣ እማዬ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ከአሪየት ጋር ስጫወት ውዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ሱቁ መጣሁ። በር ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ከፑኝዶ የመጣች ናት መሰለኝ፣ ገና ከመኪና የወረደች፤ ፌስታል ይዛለች። የቤቱን ልማድ አታውቅም። ጨለም ካለው ሱቅ ውስጥ ዕቃውን እያየች ዝም ብላ ቆማለች።

አባዬ ፓስታ ካርቶን እየከፈተ ነው። ራሱን ቀና አላደረገም።

«መጣሽ ዘይኑ?» አላት። «ምሳሽን ብዪ፣ ከድኜ አስቀምጬልሻለሁ።»

ሴትየዋ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ከኋላዋ ጭቃ ላይ ቆሜያለሁ። ያኔ ገባኝ። ስሙን የማይናገር ሰው በዚያ ሰፈር አንድ ብቻ ነው። ፊቴን አልነበረም ያወቀው፤ ኩርፊያዬን ነው።

አባዬ መልስ ሲያጣ ቀና አለ። ሴትየዋን አየ፣ እኔን አየ። የትኛችን እኔ እንደሆንኩ ዓይኑ ሲፈልግ፣ ካርቶኑን የያዘው እጁ ሲያመነታ አየሁት። በእሱ ቤት፣ በእሱ ሱቅ፣ በልጁ ፊት ደግሞ ሊዋረድ ነው። አድራጊዋ እኔ ነኝ።

ጫማዬን መሬት አስቀምጬ እግሬን ከተትኩበት። ሴትየዋን አልፌ ደጃፉ ላይ ወጣሁ፣ ጋሽ ኦጁሉ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብዬ።

«ዘይነባ ነኝ፣ አባዬ» አልኩት፣ እንደ ሰው ሁሉ።